የነጩ ጋዋን እጅጌ

ወለቴ በተፈጥሮዋ ሥጉ ናት። ሰማዩ ሲጠቁር ጣራው ሊነሣ ነው ትላለች፤ ሲጠራ ደግሞ የቧንቧው ውሃ ሊጠፋ ነው ትላለች። የልጅ ልጇ ፅዮን ከሴቻ ወደ ሲቀላ በባጃጅ በወረደች ቁጥር፣ ባጃጁ ቁልቁለቱን እስኪጨርስ ድረስ ወለቴ ቤቷ ቁጭ ብላ በሐሳቧ አሥር ጊዜ ትገለበጣለች። ባሏ ጋሽ ጥዑመልሳን በሕይወት ሳሉ፣ "አንቺ እኮ ጫሞ ሐይቅ አንድ ቀን ተነሥቶ ሴቻ ይወጣል ብለሽ የምትፈሪ ሴት ነሽ" ይሏት ነበር።

"አይወጣም ብሎ የፈረመልኝ አለ?" ትላቸዋለች።

በ2002 ዓ.ም. የገና ዋዜማ ግን ሥጋቷ እውነተኛ ነበር። ሥጋቱ ሳሎን ውስጥ፣ ሶፋው ላይ፣ ጋቢ ለብሶ ተቀምጧል፤ የባሏ ታላቅ እህት እትዬ ጣይቱ።

እትዬ ጣይቱ ከጎንደር ድረስ በአውቶቡስ የመጡት በዓል ለመዋል ብቻ አልነበረም። ጋሽ ጥዑመልሳን በነሐሴ ካረፉ ወዲህ ፅዮን መሳቅ አቁማለች የሚል ወሬ ሰምተው ነው። ወሬውም እውነት ነበር። ድሮ ስትስቅ ጎረቤት "ምን ተገኘ?" ብሎ ከቤቱ ይወጣ የነበረች የአሥር ዓመት ልጅ፣ አሁን ከትምህርት ቤት መጥታ ቦርሳዋን ታስቀምጥና የሟች አያቷ ወንበር እግር ሥር ኩርምት ብላ ትቀመጣለች። በዓሉ እየቀረበ ሲመጣ ደግሞ ጭራሽ ባሰባት። ዶሮ የሚል ቃል ከተነሣ ፊቷ አመድ ይመስላል።

"እንግዲህ ወለቴ" ብለው ነበር እትዬ ጣይቱ በመጡ ማግስት፣ "እናት አባቷ ለሥራ ጂንካ ናቸው። አንቺ ከል ለብሰሽ ግድግዳ ታያለሽ። ይህ ቤት ለልጅ አይሆንም። እናቷን እሌኒንም በስልክ አነጋግሬ 'እናቴ ከፈቀደች' ብላኛለች። ገናን ልይ። በበዓል እንኳን ካልሳቀች ይዣት እሄዳለሁ። እኔ ጋ የልጅ መንጋ አለ።"

ወለቴን ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰዳትም። ልጅቱ ከሄደች ቤቱ ውስጥ የሚቀረው እሷና የግድግዳው ሰዓት ነው፤ ሰዓቱም ቢሆን ከቆመ ቆይቷል። ስለዚህ ፅዮንን ለማሳቅ ቆርጣ ተነሣች። ጫማዋን ግራና ቀኙን አዟዙራ አድርጋ በልጅቱ ፊት ወዲያ ወዲህ አለች። ፅዮን በሐዘኔታ አየቻት፣ ተንበርክካም አስተካከለችላት። ዝንጀሮ የቄሱን ካልሲ ከገመድ ላይ ሰርቆ የሮጠበትን ታሪክ አወራችላት። ፅዮን፣ "ታዲያ ቄሱ ብርድ አልመታቸውም?" አለች። ወለቴ ተስፋ ልትቆርጥ ምንም አልቀራትም።

ይበልጥ የሚያሳፍረው ደግሞ፣ ይህን ለነፍስ አባቷም አልነገረችም፣ ሳቅ የሚተናነቀው እሷን መሆኑ ነው። በአርባው ቀን አንድ የዕድር ሰው ተነሥቶ "ጋሽ ጥዑመልሳን ጥንቁቅና ሥርዓት አክባሪ መምህር ነበሩ" ሲል፣ ባሏ አንድ ጠዋት ነጩን ጋዋን ከነመስቀያው ለብሰው ስለ ስምጥ ሸለቆ አንድ ክፍለ ጊዜ ሙሉ ማስተማራቸው ትዝ አላት። የመስቀያው ቆልማማ ሽቦ በአንገታቸው በኩል እንደ ጥያቄ ምልክት ብቅ ብሎ፣ ተማሪው ሁሉ እጁን እያወጣ፣ እሳቸው ትምህርቱ ገባቸው ብለው ደስ ብሏቸው! ወለቴ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች፤ ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ። ሴቶቹ "አልቅሺ እህቴ፣ ይውጣልሽ" እያሉ ጀርባዋን አሹላት። ከዚያ ወዲህ ሳቅ በመጣባት ቁጥር ትውጠዋለች። ባል የሞተባት ሴት ዓመት ሳይሞላው ስትስቅ ብትገኝ ምን ይባላል? ልጅቱስ ምን ትላለች? አያቴ አባባን ረሳችው አትልም?

እንግዲህ የቀራት አንድ ተስፋ ዶሮው ነበር። ከሲቀላ ገበያ ራሷ ወርዳ የመረጠችው ገብስማ አውራ ዶሮ ጓሮ ፓፓያው ሥር ታስሯል። ወጡ እንደ ድሮው ከተሠራ፣ ቤቱ እንደ ድሮው ከሸተተ፣ ልጅቱም እንደ ድሮዋ ትሆናለች ብላ አሰበች። ግን ማን ይረደው? ሴት አታርድም። በቤቱ ወንድ የለም።

"ወንድሜ ቢኖር!" አሉ እትዬ ጣይቱ ከሶፋው ላይ፣ በሩ ኋላ የተሰቀለውን ነጭ ጋዋን እያዩ። "እጀ ብርቱ! እዪው፣ ደሙ እስካሁን እጅጌው ላይ አለ። ባለማጠብሽ ደግ አደረግሽ።"

ወለቴም አላጠበችውም፤ እንዴት ታጥበዋለች? ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ፣ በየበዓሉ ዋዜማ፣ ጋሽ ጥዑመልሳን ያንን ጋዋን ይለብሱና ቢላውን ባንድ እጅ፣ ዶሮውን በብብታቸው ይዘው፣ "ማንም እንዳይከተለኝ! ይህ ለሴት ዓይን አይሆንም" ብለው ወደ ጓሮ ይዞራሉ። ባለፉት ሁለት ዓመታት ብቻ ውሃ እንድታቀርብላቸው ፅዮንን ያስከትሏት ነበር። ሩብ ሰዓት ያህል ቆይተው የታረደውን ዶሮ አንጠልጥለው ይመጣሉ። ቀኝ እጅጌያቸው ላይ ሦስት አራት ጠብታ ደም አለ። ፊታቸውን አኮሳትረው "ውሃ አምጡልኝ! ይህስ ብርቱ ነበር!" ይላሉ። ወለቴም እያስታጠበቻቸው "እጅዎ አይዛል" ትላለች። ወጡ ሲደርስ ደግሞ የመጀመሪያው ሳህን ከማንም በፊት ከኋላ ላለው ጎረቤት፣ ለዶርዜው ሸማኔ ለአቶ ካሱ ይሄዳል። "ጎረቤት ይቀድማል" ይሉ ነበር። እንዲህ ያለ ቸርነት የት ይገኛል!

አንድ ነገር ብቻ ነበር የሚያጨቃጭቃቸው። ካሱ ራሱ በቀርከሃ የጠለፈው የጓሮ አጥር ላይ፣ ልክ የሰው ደረት ቁመት ላይ፣ አንድ ቀዳዳ አለ። ወለቴ "ይደፈን፣ እባብ ይገባል" እያለች ሠላሳ አንድ ዓመት ለመነች። እሳቸው "ተይው፣ ነፋስ ያስገባል" ይሏታል።

ወለቴ ዶሮውን ፈትታ ታቅፋ ወደ ውጭ በር ወጣች። ማተብ ያሰረ ወንድ ሲያልፍ ጠርታ ልታስባርክ ነው። ፅዮን በመስኮት አየቻትና ከመስኮቱ ሸሸች። ወለቴ ይህን አይታ "አይ ልጄ፣ አያቷ ትዝ ብለዋት ነው" አለች በሆዷ።

መጀመሪያ የመጣው ግን ባለሱቁ ጠሃ ነበር። ሱቁ ከግቢው ጋር አጥር ለአጥር ነው፤ ከእሱ በፊትም አባቱ እዚያው ይነግዱ ነበር።

"እትዬ ወለቴ፣ እንኳን አደረሳችሁ! ምነው ዶሮ ታቅፈው በር ላይ?"

"የሚባርክልኝ ሰው እየጠበቅሁ ነዋ።"

"እኔ ብባርከው እናንተ አትበሉትም፤ እናንተ ብትባርኩት እኔ አልበላውም። የተጠቀመው ዶሮው ነው" ብሎ ሳቀ። "ደግሞ ምን ያስጨንቅዎታል? ካሱ እንደ ሁልጊዜው..."

አለና አፉን በእጁ ያዘ።

"እንደ ሁልጊዜው ምን?"

"ምንም። ካሱ እንደ ሁልጊዜው ደህና ነው ወይ ልል ነው።"

"ጠሃ!"

"ሱቁን ክፍት ትቼ ነው እኮ የወጣሁት..."

"ጠሃ! ጥርስህን ስታበቅል አዝዬሃለሁ። ተናገር!"

ጠሃ ግራና ቀኝ አየ። የሚያድነው ሰው አልነበረም። "እኔ ምን ላድርግ፣ ከአባቴ የወረስኩት ነው" አለ። "ሱቁን ከነምስጢሩ። ጋሽ ጥዑመልሳን... አላህ ይማራቸውና... ዶሮ አርደው አያውቁም።"

"እንዴት አያውቁም?"

"ደም ይፈሩ ነበር። ዶሮውን በአጥሩ ቀዳዳ ለካሱ ያሳልፉለታል፤ ካሱ ባርኮ ያርዳል። እሳቸው በጓሮ በኩል እኔ መጋዘን ይገቡና የስኳር ጆንያ ላይ ቁጭ ብለው፣ ጆሯቸውን በጣታቸው ደፍነው፣ የዓለምን ዋና ከተሞች በፊደል ተራ ይጠራሉ። ሃቫና፣ ሃራሬ፣ ሌጎስ... ይቅርታ፣ ሌጎስ ያልኩ ቀን ተቆጥተውኛል፣ ዋና ከተማ አይደለም ብለው። ብዙ ጊዜ ሊማ ላይ ካሱ ያፏጫል፤ አለቀ ማለት ነው። አንድ ፋሲካ ግን ዶሮው ከካሱ እጅ አመለጠና ጋሽ ጥዑመልሳን ካርቱም ደረሱ። ላብ በላብ ሆነው ሚሪንዳ ነው ያፈሰስኩባቸው።"

ወለቴ ዶሮውን ጠበቅ አደረገችው። "እጅጌውስ? ደሙስ?"

"እሱን ካሱ ነው በላባ የሚረጭላቸው። 'ትንሽ ቀኝ በኩል ካሱ፣ እንዳይበዛ፣ ሰው የገደልኩ እንዳይመስል' ይሉታል።"

በወለቴ ራስ ውስጥ ሠላሳ አንድ ዓመት ተገለበጠ። መጀመሪያ የሚሄደው ሳህን! ጽድቅ መስሏት ከሁሉ የሚያምረውን እግር የምታወጣለት ሳህን የካሱ የእጅ ዋጋ ነበር! ደግሞ መስቀል! ካሱ በየዓመቱ ለመስቀል ወደ ዶርዜ ይወጣል። ጋሽ ጥዑመልሳንም በየዓመቱ ለመስቀል፣ "በጋሞ ምድር መስቀል የበሬ በዓል ነው፣ ያገሩን ወግ እናክብር" ብለው ቅርጫ ይገባሉ። ስለ ወግ ማክበር አንድ ሰዓት ያህል ንግግር ያደርጉላት ነበር! በጣቷ የአጥሩን ቀዳዳ እያሳየች እባብ ስትል ኖራ፣ እባቡ ለካ ቤቷ ጋዋን ለብሶ ይዞር ነበር!

"አንተ ሰውዬ!" አለች ወደ ሰማይ።

ሳቁ ከእግሯ ጣት ተነሣ። ልትውጠው ሞከረች፤ አልዋጥ አላት። ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣል አድርጋ በሩን ተደግፋ መንቀጥቀጥ ጀመረች። ዶሮውም አብሯት ተንቀጠቀጠ።

በዚህ መሀል የዕድሯ በለጥሽ ቄጤማ ተሸክማ ስታልፍ አየቻት። "ኧረ እህቴን! ኧረ አንጀቴን!" ብላ ቄጤማዋን ሳትጥል ጥምጥም አለችባት። "በዓል ሲመጣ ይብሳል፤ አውቀዋለሁ እህቴ! የሱን ዶሮ ታቅፈሽ!" ብላ በእውነት አለቀሰች። ዶሮው በሁለቱ መሀል ተጨፍልቆ ጮኸ። ወለቴ "አይደለም... አይደለም..." ልትል ስትሞክር "ሂ... ሂ..." የሚል ብቻ ወጣት። በለጥሽ እየደገፈች ወደ ግቢ አስገብታ እስከ ጓሮው ፓፓያ ድረስ ወሰደቻት። ጠሃም ጥፋተኛ ስለሆነ አንገቱን ደፍቶ ተከተለ።

"እትዬ ጣይቱ! ኧረ ይውጡ፣ ወለቴ ሐዘኗ ተነሣባት!"

እትዬ ጣይቱ ወጡና እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘረጉ። "ተመስገን! አለቀሰች! እኔማ ዓይኗ ደርቆ ቀረ ብዬ ነበር።"

ፅዮንም ከኋላቸው ወጣች። ያልታረደውን ዶሮ አየች። የምትንቀጠቀጠውን አያቷን አየች። ከዚያ አንገቱን የደፋውን ጠሃን አየች፤ ያን ጊዜ ሁሉም ነገር ገባት።

"ጋሽ ጠሃ! ነገሯት እንዴ?"

"አመለጠኝ ልጄ" አለ ጠሃ።

"አባባ አስምሎኝ ነበር እኮ!" ብላ ፅዮን ጮኸች። አምስት ወር ሙሉ እንደዚያ ጮኻ አታውቅም። "እማማ ካወቀች ትንቀኛለች ብሎ አስምሎኝ ነበር! እኔ እኮ ገና ሲደርስ፣ ዶሮ ሲመጣ፣ እማማ ሰው ስትጠይቅ ይታወቅበታል ብዬ... ምን እንደማደርግ ጨንቆኝ... ይኸው አወቀች! ይኸው አስለቀሳችኋት!"

ወለቴ ይህን ስትሰማ ክው አለች። ለካ ልጅቱ ይህን ሁሉ ጊዜ ሐዘን ብቻ አልነበረም የተሸከመችው፤ የጀግና ስም ነበር የምትጠብቀው፣ ያውም ብቻዋን። ወለቴ ከልጅነቷ ጀምሮ ስንት ነገር ስትፈራ ኖራለች፤ ልጅቱ እንደሷ ትጨነቃለች ብላ ግን አንድ ቀን እንኳን ፈርታ አታውቅም ነበር።

ሐሜቱንም፣ ዓመቱንም፣ እትዬ ጣይቱንም ረሳችና ነጠላዋን ከፊቷ ገለጠች። ፊቷ ቲማቲም መስሏል፤ እንባዋ እስከ አገጯ ወርዷል፤ ጥርሷ ግን ከዳር እስከ ዳር ይታያል።

"ፅዮኔ" አለች ትንፋሿ እየተቆራረጠ፣ "አንቺ ስትኖሪ እስከ የት ይደርስ ነበር?"

"ምኑ?"

"ከተማው! ዋና ከተማው!"

ፅዮን ዓይኗን አጉረጠረጠች። "እየሳቅሽ ነው እንዴ እማማ?"

"መሞቴ ነው በሳቅ! እስከ የት ይደርስ ነበር?"

"እስከ... ሊማ" አለች ፅዮን ቀስ ብላ። "በፋሲካ ግን ሊዝበንን ሁለቴ ጠራው። 'አባባ፣ ደገምከው' ስለው፣ 'ዝም በይ፣ ፈርቼ ነው፣ እንደገና ከሃቫና ልጀምር' አለኝ..."

የከንፈሯ ጫፍ ተንቀጠቀጠ። አንዴ በአፍንጫዋ ፍርጥ አለች። ከዚያ የአምስት ወር ሳቅ በአንድ ጊዜ ወጣ። ያ ድሮ ጎረቤት የሚያስወጣው ሳቅ! ወገቧን ይዛ፣ ጎንበስ ቀና እያለች፣ ወለቴ ላይ ወደቀች፤ ወለቴ ፓፓያው ላይ ወደቀች፤ ጠሃም አጥሩን ይዞ "ሚሪንዳውን ነገርኳት እኮ!" እያለ መሳቅ ጀመረ። በለጥሽ ቄጤማዋን ራሷ ላይ እንደያዘች ማልቀሱን ትቀጥል ወይ ትተው ጠፋት።

"ምንድን ነው ይሄ?" የሚል ድምፅ መጣ።

እትዬ ጣይቱ ነበሩ። የወለቴ ሥጋት ተመለሰ። በወንድማቸው ሐዘን ቤት፣ በከል፣ ከዶሮ ጋር! አሁን ልጅቱን ነገ ሳይሆን ዛሬ ይዘዋት ይሄዳሉ። ቢሆንም ከዚህ በኋላ መደበቂያ አልነበራትም፤ በአንድ ትንፋሽ ተናገረችው። "እትዬ፣ ወንድምዎ አንድም ቀን ዶሮ አርደው አያውቁም። ደም ይፈሩ ነበር። የሚያርድላቸው ካሱ ነው።"

እትዬ ጣይቱ ቀስ ብለው ልብስ ማጠቢያው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። መሬቱን አዩ። ጋቢያቸውን አስተካከሉ።

"አሁንም?" አሉ።

"ምን አሉ እትዬ?"

"አሁንም አልተወውም ነበር?" ቀና ሲሉ ዓይናቸው ውስጥ ወለቴ አይታው የማታውቅ ነገር ነበር። "በሰባት ዓመቱ ዶሮ ሲታረድ ጎተራ ውስጥ ይደበቅ ነበር። ሲያድግ፣ ሲያገባ፣ አስተማሪ ሲሆን ተወው ብዬ... እንዲያው ምን ልደብቅሽ ወለቴ፣ በሠርግሽ ቀን ሙክቱን ሙሽራው ራሱ አረደው ብዬ ያስወራሁት እኔ ነኝ። ሙሽራው የት ነበር መሰለሽ?"

"አይሆንም!"

"ጎተራ ውስጥ!"

"የጤፍ ፍሬ!" ብላ ጮኸች ወለቴ። "የሠርጋችን ለት ከጆሯቸው የጤፍ ፍሬ አውጥቻለሁ! 'ምንድን ነው?' ብላቸው፣ 'ሽማግሌዎች ሲመርቁኝ የበተኑት ነው' አሉኝ!"

እትዬ ጣይቱ ጋቢያቸውን ነከሱ፤ አልያዘላቸውም። እንደ ልጅ "ቂ ቂ ቂ" ብለው ከድንጋዩ ላይ ሊወድቁ ሲሉ ፅዮን ደግፋ ያዘቻቸው። በለጥሽም "እኔማ መጀመሪያውኑ ለቅሶ አልመሰለኝም" አለች።

እትዬ ጣይቱ እንባቸውን ጠርገው ሲጨርሱ ፅዮንን ጉልበታቸው ላይ አስቀመጧት። "እኔ ይዤሽ ልሄድ ነበር የመጣሁት" አሏት። "ግን ጎንደር ወስጄሽ እንዲህ ያለ አጥር ከየት አመጣልሻለሁ? ይልቅ እኔ ለፋሲካ እመለሳለሁ።"

ወለቴ ይህን ሰምታ ስትተነፍስ፣ ፉጨት ተሰማ። የአጥሩ ቀዳዳ ላይ የሰው ዓይን ነበር።

"እትዬ ወለቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ" አለ ካሱ ከማዶ። "ከጠዋት ጀምሬ ቢላዬን ስዬ እየጠበቅሁ ነው። በበር ልምጣ ብዬ አስቤ ነበር፤ ግን እኛ የለመድነው በአጥር ነው።"

ወለቴ ገብስማውን በቀዳዳው አሳለፈችለት። ልክ ነበር፤ ቀዳዳው ለዶሮ ተብሎ የተለካ ነው። ከማዶ "በስመ አብ" የሚለው የካሱ ድምፅ ሲሰማ ፅዮን ጆሮዋን በጣቷ ደፈነች። ወለቴም ደፈነች። እትዬ ጣይቱም አዩአቸውና ደፈኑ።

"ሃቫና!" አለች ፅዮን።

"ሃራሬ!" አለች ወለቴ።

"ጎንደር!" አሉ እትዬ ጣይቱ።

"በፊደል ተራ ነው እትዬ!"

"ጎንደር ዋና ከተማ ነበረች! ከሁሉም ትቀድማለች!"

ክርክሩ ሳያልቅ ካሱ አፏጨ። ዶሮው ተመለሰ፤ ተከትሎትም አንድ እጅ፣ በእጁም ላይ አንድ ላባ ወጣ። "እጅጌ?" አለ ካሱ እንደ ልማዱ። ወዲያው ደንግጦ "ውይ!" ብሎ እጁን ሊሰበስብ ሲል ወለቴ "ቆይ!" አለችው። እጅጌዋን ዘረጋችለት፤ ረጨ። ከሉ ላይ ግን ምንም አልታየም። ጥቁር ላይ ምን ይታያል?

ፅዮን ሮጣ ቤት ገባች። ስትወጣ ነጩን ጋዋን ለብሳ ነበር። ጫፉ መሬት ይጠርጋል፤ እጅጌው ከጣቷ አንድ ክንድ አልፎ ይንጠለጠላል። ወለቴ አንዴ "ትደናቀፋለች" ብላ ልትጮህ አፏን ከፈተችና መልሳ ዘጋችው።

ልጅቱ እጅጌዋን በቀዳዳው አስገባች። "ትንሽ ቀኝ በኩል ጋሽ ካሱ፤ እንዳይበዛ።"

ከዚያ ዶሮውን አንጠልጥላ፣ ፊቷን አኮሳትራ፣ ጋዋኑን እየጎተተች ቤቱን ዞራ፣ ሁሉም ቀድመው ወደሚጠብቋት ወደ ፊት ለፊቱ በር መጣች። ነጩ እጅጌ ላይ፣ ከአሮጌዎቹ ጠብታዎች አጠገብ፣ ሦስት አዲስ ጠብታዎች ነበሩ።

"ውሃ አምጡልኝ!" አለች ድምፅዋን አወፍራ። "ይህስ ብርቱ ነበር!"

ወለቴ ማንቆርቆሪያውን አነሣች። እየሳቀች፣ እንባዋም እየወረደ፣ ውሃውን ቀስ አድርጋ አፈሰሰችላት።

"እጅዎ አይዛል" አለች።